በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ስልኩ ማስታወቅ ይገባልን?

ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ትል ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ተባዩ ከእንቁላል ተነስቶ የእሳት እራት እስኪሆን በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 24 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ በ14 ዲግሪ ግን ከ70 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስምጥ ሸለቆ ሞቃት አገር ነው። ስለሆነም የማሳ ቆጠራ ውጤት ከሦስት ሳምንት በላይ ዘግይቶ ቢሮ ቢደርስ፣ በወረቀቱ ላይ የምናነበው ስላለፈው ትውልድ ነው፤ ቅጠሉን እየሰረሰረ ያለው ግን ተከታዩ ትውልድ ነው። ምክራችን ለሞተ ትል የተሰጠ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ስለ መድኃኒቱ አይደለም፤ ቁጥሩ ከማሳ ወደ ቢሮ ስለሚጓዝበት መንገድ ነው።

ቀደም ሲል ቆጠራው በወረቀት ቅጽ ይሞላል፣ ቅጹ ይሰበሰባል፣ ከዚያም በኮምፒዩተር ይገለበጣል። በአሁኑ ጊዜ ብዙ የምርምርና የልማት መሥሪያ ቤቶች ኮቦ ቱልቦክስ በተባለው ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ይህ ሶፍትዌር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በቢሮ ኮምፒዩተር የሚከፈተው የአስተዳዳሪው ገጽ ሲሆን፣ ኃላፊው ጥያቄዎቹን የሚያዘጋጀው፣ ለሠራተኞች ፈቃድ የሚሰጠውና የተሰበሰበውን የሚያየው በዚህ ነው። ሁለተኛው ኮቦ ኮሌክት የሚባለው በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የቢሮው ገጽ ስለ ስልኩ መተግበሪያ ማስታወቅ አለበት ወይስ ዝም ማለት ይሻለዋል የሚል ነው።

ዝም ይበል ከሚሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ምክንያቴም ያለ ነገር አልነበረም። የዘመኑ ሶፍትዌር ብዙው በተከፈተ ቁጥር የገጹን ግማሽ ሸፍኖ ስልክዎ ላይ ይጫኑኝ ይላል። ዛሬ የዘጋነው ነገ ተመልሶ ይመጣል። ሠራተኛው ቀስ በቀስ ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ማስታወቂያ ቢመጣም እንደ ሌላው ይዘጋል። የሥራ ገጽ የገበያ ደጃፍ መሆን የለበትም።

አሳቤን ያስለወጠኝ የራሴ ስህተት ነው። በአንድ የበጋ ወራት የቲማቲም ማሳ ቆጠራ ቅጽ አዘጋጅቼ፣ በቢሮ ኮምፒዩተር ሞክሬ፣ የድረ ገጹን አድራሻ ለሦስት ረዳቶች ላክሁላቸው። ከአዳማ ተነስተው በሞጆ በኩል መቂ አካባቢ ካለው ማሳ ሲደርሱ ኔትወርክ የለም። በድረ ገጽ የሚሞላው ቅጽም ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ተከፍቶ ስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት። እኔ ይህን አልነገርኋቸውም። ልጆቹ በደብተር ጽፈው ተመለሱ፤ ያን ደብተር ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ አንድ ሳምንት ፈጀብን። የሚያሳፍረው ነገር የድረ ገጹን አድራሻ ካነሳሁበት ዝርዝር ውስጥ እዚያው ዝቅ ብሎ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚል ምርጫ መኖሩ ነው። የመጀመሪያውን አንስቼ ላክሁ፣ ሌላውን አላየሁም።

ይህ ከሆነ በኋላ ገጹን ደግሜ ስመለከተው አሠራሩን ወደድሁት። ስለ ስልኩ የሚናገረው በየገጹ አይደለም። ቅጹ ተዘጋጅቶ መረጃ የመሰብሰቢያ መንገድ በሚመረጥበት ቦታ ብቻ ነው። ምርጫውን ለነካ ሰው መተግበሪያውን እንዴት እንደሚጭንና የትኛውን አድራሻ እንደሚያስገባ በጥቂት መስመር ይነግረዋል። ውጤት ብቻ ለማየት የገባ ኃላፊ አያገኘውም፣ አይቸገርበትምም። በእኔ ግምት ማስታወቂያ በሥራ ገጽ ላይ ይግባ ከተባለ ቦታው ይኸው ነው፤ ሥራው ስልኩን በሚጠይቅበት እርምጃ ላይ።

ሆኖም አንድ ጉድለት ይቀራል፤ ይህም የሶፍትዌሩ ሳይሆን የእኛ ነው። ያን ገጽ የሚያየው ቢሮ የተቀመጠው ሰው ነው። ማሳ የሚወርደው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የአስተዳዳሪውን ገጽ በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜም ላይከፍት ይችላል። ስለዚህ ኃላፊው ያነበበውን ማስተላለፍ አለበት። የአገልጋዩን አድራሻ በኪው አር ኮድ አትሞ መስጠት ይቻላል፤ ሠራተኛው በስልኩ ካሜራ ያነሳውና ያለ ስህተት ይገባል። የይለፍ ቃል ያለበትን ኮድ ግን ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይገባም።

ከኮዱ ጋር የሚነገረው ይህ ነው። ባዶው ቅጽ ከከተማ ሳይወጡ ወደ ስልኩ ይውረድ። በማሳ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ጂ.ፒ.ኤስ. ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትወርክ ባይኖርም ቦታውን ይመዘግባል፤ ነገር ግን ጊዜ ስለሚወስድ የሚያሳየው የስህተት ርቀት እስኪያንስ ድረስ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። የተሞላው ሳይላክ መተግበሪያውን ከስልኩ ያጠፋ ሰው የቀኑን ሥራ አብሮ አጠፋ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። መተግበሪያው በነፃ ነው ይባላል። ስልኩ፣ ካርዱና ባትሪው ግን የማን ናቸው? ብዙ ጊዜ የሠራተኛው የራሱ ናቸው። ስልክ የማያቀርብ ወይም የካርዱን ወጪ የማይተካ መሥሪያ ቤት በሠራተኛው ኪስ ሥራውን እያሠራ ስለሆነ፣ ጫኑ ከማለቱ በፊት ይህን ያስተካክል።

ገበሬውስ? ለእርሱ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ገበሬ የያዘው የቁልፍ ስልክ ነው፤ መተግበሪያ ጫን ብንለው በማይበላ እንጀራ መጋበዝ ነው። ለእርሱ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመር ይሻለዋል። ይህ መስመር የግብርና ምክርን በድምፅ የሚያሰማ ሲሆን፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች ስለሚናገር ማንበብ የማይችልም ይገለገልበታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቆጠራውን ሞልቶ ሲጨርስ ለማሳው ባለቤት ቁጥሩን ቢነግረው ሁለቱም የየራሳቸውን አገኙ ማለት ነው።

በመጨረሻም ቅጽ ለሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ። ቅጹ ቢሮ ላይ ከተለወጠ ስልኩ አዲሱን እንደገና ማውረድ አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ረዳት በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ይሞላል፤ የወጥመድ ቆጠራውም አይገጣጠምም። እኔ አሁን በየቅጹ መጀመሪያ ላይ የተዘጋጀበትን ቀን እጽፋለሁ። ረዳቶቹም ባቱ ሲደርሱ ደውለው ያን ቀን ያነቡልኛል።