የፍቺ መዝገብ ሁለት ቀኖች፦ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የጠላቅ ሰነድ ስለ መፈለግና ስለ መጠየቅ

ታላቁ ቁርኣን በሱረቱ አጥ-ጠላቅ (65፡1-2) ፍቺ ሲፈጸም ዒዳ እንዲቆጠር ያዝዛል፤ ባል ሚስቱን ለመመለስ ወይም ለመለየት ሲወስንም ሁለት ፍትሐዊ ምስክሮች እንዲቆሙ ያስተምራል። አብዛኞቹ የአህለ ሱና ፉቀሃእ ይህን የምስክርነት ትእዛዝ እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ተወዳጅ ተግባር ስለሚረዱት፣ ያለ ምስክር የተነገረ ጠላቅም ይጸናል ይላሉ። ከዚህ አቋም አንድ ጠቃሚ ልዩነት ይመነጫል፤ ጠላቅ የሚጸናው በተነገረበት ጊዜ ሲሆን ለሌላው ሰው የሚታወቀው ግን በማስረጃ ነው። በቃሉና በማስረጃው መካከል ቀናት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለዚህ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀኖች ይገኛሉ። አንደኛው ፍቺው የተፈጸመበት ቀን፣ ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ያጸደቀበት ወይም የመዘገበበት ቀን ነው። የፍቺ ሰነድ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ቀኖች የትኛው በወረቀቱ ላይ እንደ ሰፈረ አያስተውልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዝገቡ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚጠየቅና ሲገኝም እንዴት እንደሚነበብ ማስረዳት ነው።

መዝገቡ በየትኛው ፍርድ ቤት ይፈለጋል?

በኢትዮጵያ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በመንግሥት ሕግ መታወቅ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 62/1936 የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በወቅፍ ጉዳዮች ላይ ተደንግጎ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እነዚህ ፍርድ ቤቶች የተለየ ስፍራ ባይሰጥም በተግባር ሥራቸውን ቀጥለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ፤ በአንቀጽ 78(5) ደግሞ ቀድሞ የነበሩት የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች እውቅና የሚያገኙበትን መንገድ አስቀመጠ። በዚህ መሠረት አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አደራጀ። ክልሎችም የየራሳቸውን ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በየአዋጃቸው አቋቁመዋል።

ፈላጊው ይህን ታሪክ ማወቁ የሚጠቅመው መዝገቡ የተከፈተበት ዘመንና ቦታ የሚገኝበትን ቤት ስለሚወስኑ ነው። ጉዳዩ በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ ከታየ በፌዴራሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ በክልል ከታየ ደግሞ በወረዳው ወይም በከፍተኛው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይፈለጋል። ይግባኝ ከተባለበት በበላይ ፍርድ ቤት ሌላ የመዝገብ ቁጥር ስለሚሰጠው ሁለቱንም ቁጥሮች መያዝ ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት አንደኛው ወገን በሸሪዓ መዳኘትን ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። ስለዚህ ኒካሓቸው በሸሪዓ የታሰረ ባልና ሚስት የፍቺ መዝገብ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢታጣ ጠፍቷል ከማለት በፊት በአካባቢው መደበኛ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይገባል።

የሚጠየቀው ሰነድ የትኛው ነው?

በተለምዶ «የፍቺ ወረቀት» የሚባለው ስም ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሰነዶችን ያጠቃልላል። የመጀመሪያው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ትክክለኛ ግልባጭ ነው። ይህ የተከራካሪዎችን ስም፣ የቃዲውን ስም፣ የነገሩን ፍሬ፣ ምክንያቱንና ትእዛዙን ይይዛል። ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ጠላቅ መፈጸሙን ብቻ በአጭሩ የሚያረጋግጥበት ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የክብር መዝገብ ሹም የሚሰጠው የፍቺ የምስክር ወረቀት ነው። ይህ ሦስተኛው የሚገኘው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዞ በማስመዝገብ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሊተካ አይችልም።

ለአዲስ ኒካሕ ወይም ለአስተዳደር ጉዳይ የምስክር ወረቀቱ በቂ ሊሆን ይችላል። ስለ መህር፣ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ወይም ስለ ውርስ ክርክር ሲነሣ ግን ሙሉው ውሳኔ የግድ ነው። ፍቺው በባል ቃል የተፈጸመ ጠላቅ፣ በካሳ የተገኘ ኹልዕ ወይም በቃዲ ውሳኔ የተፈጸመ ፈስኽ መሆኑ የሚታወቀው ከውሳኔው ብቻ ነው። የሦስቱም ውጤት የተለያየ ነው።

ጥያቄው የሚቀርበው ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር በጽሑፍ ማመልከቻ ነው። በማመልከቻው የሁለቱም ተከራካሪዎች ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ የሚፈለገው ሰነድ ዓይነትና የሚፈለግበት ምክንያት በግልጽ ይጻፋሉ። ጠያቂው ከባለጉዳዮቹ አንዱ ከሆነ መታወቂያውን፣ ወኪል ከሆነ ውክልናውን፣ ወራሽ ከሆነ ደግሞ ወራሽነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዛል። በገልፍ አገሮችም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚኖሩ ወገኖች በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ሰጥተው በቤተሰብ በኩል ማስጠየቅ ይችላሉ። ግልባጩ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ለትርጉምና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለሚደረገው ማረጋገጫ ጊዜ ማስላት ይገባል።

ውሳኔው ዘንድ ሲደረስ ከመጨረሻው ገጽ ሌላ አንድ ነገር መመልከት አይዘነጋ፤ እርሱም ሁለቱ ወገኖች በሸሪዓ ለመዳኘት መፍቀዳቸው የሰፈረበት ክፍል ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተሰጠ የውርስ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ወስኗል። ፈቃዱ ያልተመዘገበበት ውሳኔ ከዓመታት በኋላ ሊነቀፍ ስለሚችል ይህ ገጽ አብሮ ቢገለበጥ መልካም ነው።

ስምና ዘመን

ብዙ መዝገቦች «የሉም» የሚባሉት በእርግጥ ስለጠፉ ሳይሆን በሌላ ፊደል ስለተጻፉ ነው። የዐረብኛ ስሞች ወደ አማርኛ ሲዞሩ አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድና መሀመድ፤ ዓሊ፣ ዐሊና አሊ፤ ፋጢማና ፋጡማ፤ ዘይነብና ዘይነባ አንዱን ሰው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ስለዚህ ጠያቂው በማመልከቻው ላይ የሚያውቃቸውን አጻጻፎች ሁሉ ቢዘረዝር የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ድካም ያቀላል። በአገራችን ሚስት የአባቷን ስም ስለማትለውጥ መዝገቧ በባሏ ስም ሳይሆን በራሷ ስም ይፈለጋል።

ዘመኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በአንድ መዝገብ ውስጥ የኢትዮጵያ፣ የሒጅራና የአውሮፓ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ያህል ያጥራል፤ ቀኑም የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጥር 5 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት የተነገረ ጠላቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጥር 5 ሲሆን በሒጅራው ግን የማግስቱ ቀን ነው። ልዩነቱ አንድ ቀን ቢሆንም ዒዳ በቀን የሚጠናቀቅ ስለሆነ አንዳንዴ አንድ ቀንም ይበቃል።

ሁለቱን ቀኖች ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። አንድ ምሳሌ እናስብ። የወር አበባዋ የተቋረጠ እናት ባሏ ጥር 5 ቀን አንድ ጠላቅ ነገራት። ጠላቁ መመለስ የሚቻልበት (ረጅዒ) ነው። ባሏ ሳይመልሳት ቆየ፤ ሚያዝያ 20 ቀን ሁለቱም ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርበው ፍቺውን አስጸደቁ። ግንቦት 10 ቀን ባልየው በድንገት ሞተ። ልጆች አሉት፤ ቤትና መሬትም ትቷል።

የእርሷ ዒዳ በሱረቱ አጥ-ጠላቅ (65፡4) መሠረት ሦስት የጨረቃ ወር ነው። ከጥር 5 ከተቆጠረ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ ባልየው ሲሞት ባዕድ ሆናለች፤ አትወርሰውም። ከሚያዝያ 20 ከተቆጠረ ግን ሲሞት ገና በዒዳ ላይ ናት። በረጅዒ ጠላቅ ዒዳ ላይ ያለች ሴት እንደ ሚስት ስለምትቆጠር ከልጆቹ ጋር ስምንተኛውን ድርሻ ትወስዳለች (4፡12)፤ ዒዳዋም ወደ አራት ወር ከአሥር ቀን ይለወጣል (2፡234)። አንዱ ወረቀት፣ አንዱ ማኅተም፣ ግን ሁለት የተለያዩ ፍርዶች።

መሠረታዊው ሕግ ዒዳ የሚቆጠረው ፍቺው ከተፈጸመበት ቀን ነው የሚል ነው፤ ሚስትየዋ ባታውቅ እንኳ ብዙኃኑ ይህን ይይዛሉ። ሆኖም ባልየው ያለ ማስረጃ «ከብዙ ጊዜ በፊት ፈትቻታለሁ» ብሎ ቢያምን፣ የኋለኞቹ የሐነፊ ዑለማዎች ተመሳጥሮ መብት የማጥፋት ጥርጣሬን ለመዝጋት ዒዳው ካመነበት ቀን እንዲቆጠር ፈትዋ ሰጥተዋል። ፈስኽ ደግሞ የሚፈጸመው በቃዲው ውሳኔ ስለሆነ ዒዳው ከውሳኔው ቀን ይነሣል። ስለዚህ ከላይ የተመለከተው ጉዳይ የሚፈታው ፍርድ ቤቱ የጠላቁን ቀን በምን ማስረጃ እንዳጸና በማንበብ ነው። የጥር 5ቱን ቀን ምስክሮች ካረጋገጡት አንድ መልስ አለው፤ የባልየው ቃል ብቻ ከሆነ ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላል።

የወር አበባ በምታይ ሴት ዘንድ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። በሱረቱል በቀራ (2፡228) የተጠቀሰውን «ቁሩእ» ሻፊዒዮች የጥራት ጊዜ፣ ሐነፊዮች የወር አበባ ብለው ይተረጉሙታል። በአገራችን የሁለቱም መዝሀብ ተከታዮች ስላሉ ግልባጩን የሚያነብ ሰው ቃዲው በየትኛው መዝሀብ እንደ ፈረደ መመልከት አለበት።

መዝገብ ሲታጣ

በሽማግሌ ፊት ወይም በመስጊድ ግቢ ብቻ የተፈጸሙ ፍቺዎች የፍርድ ቤት መዝገብ የላቸውም። በዚህ ጊዜ የሌለ ሰነድ ከማስፈለግ ይልቅ ምስክሮች በሕይወት እያሉ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን እንዲያጸድቅ ማመልከት ይሻላል። በማመልከቻውም የተጠየቀበት ቀን ብቻ ሳይሆን ጠላቁ የተነገረበት ቀን ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቆዩ ውሳኔዎች መጨረሻ ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ይገኛል። የተዘጋ መዝገብ የጠፋ መዝገብ አይደለም፤ ቁጥሩንና ዓመቱን ይዞ ለመጣ ሰው ሊከፈት ይችላል።

ተመራማሪ ለሆነ አንባቢ እነዚህ መዝገቦች ሌላ ዋጋም አላቸው። ጆናታን ሚራን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምጽዋ ታሪክ የከተማዋን ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገቦች ዋነኛ ምንጭ አድርጎ ተጠቅሟል። ያለ እነርሱ በዜና መዋዕል የማይታዩ ሴቶች፣ አሽከሮችና ነጋዴዎች ድምፅ ባልተሰማ ነበር። ሆኖም ተመራማሪም ቢሆን የሚያነበው የሰዎችን ነውርና ምሥጢር መሆኑን ማስታወስ አለበት። ነውርን መሸፈን (ሲትር) ከእስልምና ሥነ ምግባር አንዱ ነው። ስለዚህ ለጉዳዩ የሚበቃው ገጽ ብቻ ሊጠየቅ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም በጥናት ውስጥ ሊሸሸግ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለባለጉዳዩ የሚቀረው አንድ ቀላል ልማድ ነው። ግልባጩን ሲረከብ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሳይርቅ ሁለቱን ቀኖች ይፈልግ። ጠላቁ የተፈጸመበት ቀን ካልሰፈረ ወይም ከውሳኔው ቀን ጋር ከተቀላቀለ፣ ቃዲውና ምስክሮቹ ባሉበት በዚያው ጊዜ እንዲስተካከል ያመልክት። ዛሬ በአንድ ማመልከቻ የሚታረም ስሕተት ነገ በወራሾች መካከል የዓመታት ክርክር ሊሆን ይችላል። ዒዳን ቁጠሩ የተባለው ትእዛዝ መቁጠር የሚጀመርበትን ቀን ማወቅንም ይጨምራል።