ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት መመለስ እጠብቅ ነበር። እኛ ቦንጋ ላይ መስከረም ጠባ ማለት ዝናቡ ሄደ ማለት አይደለም። ከፋ የደን አገር ነው፤ ደመናው ቶሎ አይለቀንም። የዚያን ቀንም ሲያካፋ ውሏል።

ልጅቱ በሩን ገፍታ ገባች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። በሌላው እጇ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን የገዛሁላትን ጥቁር ጫማ አንጠልጥላለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀይ ጭቃ ነው።

«ጫማሽን ለምን አወለቅሽ?» አልኳት።

«እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው አባባ» አለች።

አመንኳት። እንዲያውም ዕቃ ትጠነቅቃለች ብዬ ደስ አለኝ። ማታ እግሯን ስታጥባት ግን አያቷ ጠራችኝ። የሁለቱም እግሮቿ ተረከዝ ተልጧል። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስንጠይቃት መጀመሪያ ዝም አለች። ቆይታ «ከተገዛልኝ ሳምንት ጀምሮ ነው። ብዙ ብር አውጥተው ስለገዙልኝ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ያልነገርኩዎት» አለችኝ።

ለካ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ከቤት ትወጣለች፤ ከዓይናችን ስትርቅ ታወልቃለች፤ ትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ እግሯን በሣር ጠርጋ መልሳ ታደርጋለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው የሚመጡ ስንት ልጆችን «ጫማ የተሠራው ለእግር ነው» ብዬ ተቆጥቻለሁ! አንዳቸውንም ግን «ያምሃል ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ የተላጠ ተረከዝ ብቻ ቢሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች ያበጡ አንዲት እናት አሉ። በልጅነታቸው በባዶ እግራቸው ቡና ተሸክመው ገበያ ይወጡ ነበር። እግራቸው መጀመሪያ ማሳከክና ማቃጠል፣ ቀጥሎም ማበጥ ጀመረ። ዘመድ ልክፍት ነው አለ፤ ጎረቤት ይተላለፋል ብሎ ሸሸ። ዛሬ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ከቤታቸው አይወጡም።

በሽታው በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እኛ ዝሆኔ እንለዋለን፤ በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ግን የተለየ ነው። እዚህ አገር የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ምርምር ምክንያቱ አፈር መሆኑን አመለከቱ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገቡና ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ያቆስላሉ። በሽታው የሚገኘው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በዓመትም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባላቸው አካባቢዎች ነው። ይህን ያነበበ የከፋ ሰው የራሱ ጓሮ የተገለጸ ሊመስለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ለበሽታው ምቹ በሆነ አካባቢ የሚኖረውን የአገራችንን ሕዝብ ወደ 35 ሚሊዮን አድርሶታል።

አንባቢን ላስደነግጥ አልፈልግም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንድ ቀን ጭቃ የረገጠ ሁሉ አይታመምም፤ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር መኖርን ይጠይቃል፤ በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነትም አለበት። መከላከያውም ቀላል ነው፤ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ። በቆዳ በኩል የሚገባውን ሁክዎርም የተባለ የአንጀት ትልም ጫማ ይከላከላል። ግን ጫማው የሚጠቅመው እግር ላይ ሲውል ነው። እኔ ጫማ ገዝቻለሁ ብዬ ተኝቼ ሳድር ልጅቱ እንደ ዱሮው በባዶ እግሯ ትሄድ ነበር። ልክ ያልሆነ ጫማ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

እንዴት እንደገዛሁት ልናዘዝ። ጷጉሜን ውስጥ ነበር። ልጅቱን ይዤ ከመንከራተት ብዬ እግሯን በቃጫ ለካሁና ቃጫውን ኪሴ ከትቼ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ 33 ቁጥር ሲያወጣልኝ «አይ፣ ልጅ እኮ ያድጋል» ብዬ 35 አስጨመርኩ። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር። በሁለት ዓመት ሒሳብ አንድ ጫማ እንዳተረፍኩ ቆጠርኩት።

በማግስቱ ጫማውን አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ይዤ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ወስፌውን ይዞ ወደ ላይ አየኝ። «ጋሼ፣ ሰፋ አድርገው ገዝተው ነዋ» አለኝ። እንዴት አወቅህ ብለው ውስጡን አሳየኝ። የተረከዙ ገበር አልቆ ተቦጭቋል። «ተረከዟ አልያዘም። በእያንዳንዱ እርምጃ ይወጣል ይገባል፤ ስለዚህ ይልጣታል። ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ እግሯ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቷ ጫፉን ይመታል» አለኝ። በጣም ሰፊ ጫማ እንዴት ጣት እንደሚያጠቁር የገባኝ ያኔ ነው። ቦንጋን የሚያውቅ ያውቃል፤ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት።

ያንኑ ሳምንት ካናዳ የምትኖረው ልጄ ደወለች። እሷም በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወት ወንድ ልጅ አላት። የሆነውን ስነግራት ለእሱ የበረዶ ጫማ የገዛችበትን ቀን አጫወተችኝ። ሻጩ ልጁን አቁሞ ሁለቱንም እግሮቹን ለካ። የጫማው ቁጥር ከዘወትር ጫማው አነሰ፤ የበረዶ ጫማ እግርን አጥብቆ መያዝ አለበትና። ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ ጫፉን ነካ ያደርጋሉ፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ግን ተረከዙ ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጥና ጣቶቹ ይላቀቃሉ። ከዚያ ጫማውን በልዩ ምድጃ አሙቆ፣ የልጁን እግር ቅርጽ እንዲይዝ አስሮ፣ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አዘዘው። «አባዬ፣ ተረከዙ ከተነሳ አይገዛም አለኝ» አለችኝ።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚጫወቱበት ጫማ ይህን ያህል ይጠነቀቃሉ። የእኔ ልጅ በሳምንት አምስት ቀን ረጅም መንገድ የምትሄድበትን ጫማ እኔ በቃጫ ለክቼ ገዛሁ። ምድጃውን ትተን ጥንቃቄውን ብንወስድስ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለአራቱም የልጅ ልጆቼ ስገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ።

የምለካው ወደ ማታ ነው፤ እግር ሲውል ትንሽ ያብጣል። ወረቀት መሬት ላይ አነጥፍና ልጁን ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቼ አቆመዋለሁ። ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል፤ ሲቆም ክብደቱ ያረፈበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ሁለቱንም እግሮች ዙሪያቸውን በእርሳስ እከባለሁ። አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ስለሆነ የምይዘው ትልቁን ነው። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ እለካለሁ፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም።

በዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር እጨምራለሁ። ይህ ለመራመጃና ለማደጊያ የሚበቃ ነው። ድምሩን በ1.5 ሳበዛው ገበያ ላይ ያለው የአውሮፓ ቁጥር ይወጣል። የልጅቱ እግር 21 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ 1 ሲጨመር 22፣ በ1.5 ሲበዛ 33። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ቁጥር ትክክል ነበር ማለት ነው! ይሁንና ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቁጥር ብቻ አልገዛም። ከካርቶን 22 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ ጫማው ውስጥ እሰዳለሁ። ሳይታጠፍ ከገባ ርዝመቱ በቂ ነው፤ ብዙ ከተንሸራሸረ ሰፊ ነው። ጫማውን እርሳስ ባከበብኩት ሥዕል ላይ ሳስቀምጠው መስመሩ በጎን ከወጣ ደግሞ ጠባብ ነው። ይህ ዘዴ ልጁን ይዞ መሄድ ለማይችል፣ ከገጠር ቀበሌ ገበያ ለሚወጣ ወላጅም ይሆናል።

ከተቻለ ግን ልጁ አብሮ ይሂድ፤ ዘወትር የሚያደርገውን ካልሲም ያድርግ። ጫማው ታስሮ ይራመድ። ከኋላ ሆኜ ተረከዙን አያለሁ፤ ከተነሳ አልገዛም። ከዚያ ቁልቁለት አስወርደዋለሁ። ጣቱ ጫፉን ከመታ አይሆንም። «ያምሃል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ አዲስ ጫማ ያየ ልጅ አያመኝም ይላል። ስለዚህ የፊቱንና የአረማመዱን ነገር አምናለሁ።

ማሰሪያ ወይም ዘለበት ያለው ጫማ ተረከዝን ስለሚይዝ ለረጅም መንገድ ይሻላል። ጫማውን በእጄ ሳጥፈው መታጠፍ ያለበት ጣቶች የሚጀምሩበት ላይ እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። የተረከዙ ጀርባ ጠንከር ያለ፣ ሶሉም ጭቃ ላይ የማያንሸራትት ጥርስ ያለው ይሁን። የፕላስቲክ ቦት ለጭቃ ጥሩ ነው፤ ግን እግርን ያልባል። መንገዱን በእሱ ሄዶ ክፍል ውስጥ በሌላ መቀየር የሚችል ልጅ ዕድለኛ ነው። ልባሽ ጫማ ስገዛ ሶሉን ገልብጬ አያለሁ፤ በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ ከሆነ የሌላውን ሰው አረማመድ ለልጄ አላወርስም። ታኬታ ለሚለብሱ ወንዶች ልጆችም ነገሩ ያው ነው፤ ታኬታ ከዘወትር ጫማ ጠበቅ ይላል፣ ጣት ግን መታጠፍ የለበትም።

ከተገዛ በኋላም ሥራ አለ። አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማለማመድ ያስፈልጋል። የራሰ ጫማ ምድጃ አጠገብ ሲደርቅ ቆዳው ይደርቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። እኔ ያነበብኩትን ጋዜጣ ጨምቄ ውስጡ እከትና ነፋስ ያለበት ቦታ አሳድረዋለሁ። በየሦስት ወሩ እግሯን እንደገና እለካለሁ። በዚህ ዕድሜ እግር በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የሁለት ዓመት ጫማ የሚባል ነገር የለም።

ስለ አበበ ቢቂላ ሳስተምር እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን በኩራት እናገር ነበር። ምክንያቱን ግን ዘልዬ አልፈዋለሁ። ጫማው አልመች ብሎት ነው ይባላል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። የዓለም ጀግና እንኳ ያልተስማማውን ጫማ ትቶ ሄዷል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብታወልቅ ምን ይገርማል? እሱ ግን የሮጠው የሮምን መንገድ ነው፤ እሷ የምትሄደው የእኛን ቀይ አፈር።

ያን 35 ቁጥር ጫማ ለታላቅ ወንድሟ ሰጠሁት፤ ለእሱም ጫፉ ጠቦት ተመለሰ። አሁን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ልጅቱ ባለፈው ሰኞ ጭቃ በጭቃ የሆነ ጫማ አድርጋ ገባች። አያቷ ወለሉ ቆሸሸ ብላ ልትቆጣት ስትል «ተያት፣ እኔ እወለውለዋለሁ» አልኩ።