በከተማ የሚኖር ሕዝብ ዝምድናውን እንዴት እንደሚጠብቅ

የሰው ልጅ በባላገር ሲኖር ዘመዱ በዙሪያው ነው፤ ቢታመም የሚጠይቀው፤ ቢሞት የሚቀብረው፤ ልጁም ቢያጠፋ የሚገሥጽለት አያጣም። ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ግን ጎረቤቱ ስሙን እንኳ አያውቀውም። ስለዚህ በከተማ ዝምድናን እንደ ቤት መሥራት ያስፈልጋል። ለዚህም በአውስትራልያ አገር፤ በሲድኒ ከተማ፤ ሬድፈርን በሚባለው ሰፈር አቦርጅናል የተባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ያደረጉት ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነውና፤ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹ ኹሉ የተቈጠሩት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እንግሊዞች በ1788 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ሲሰፍሩ ምድሪቱ ጋዲጋል የሚባል ነገድ ርስት ነበረች። ከዚያ በኋላ ነባሮቹ ከርስታቸው እየተነቀሉ፤ ብዙዎቹ መንግሥትና ሚሲዮን በከለሏቸው ሰፈሮች ተቀመጡ። በ1909 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ጠባቂ ለተባለው ቦርድ በኑሯቸው ላይ ታላቅ ሥልጣን ሰጠው። ልጆች ከእናቶቻቸው እየተወሰዱ በባዕድ እጅ አደጉ፤ ካደጉም በኋላ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ሲፈልጉ ኖሩ።

ሬድፈርን የባቡር ሥራ ቤትና ፋብሪካዎች የነበሩበት፤ ኪራዩም የረከሰ ሰፈር ስለ ነበረ፤ ሥራ ፈላጊዎቹ በዘመድ ቤት እያረፉ በዚያ ተሰበሰቡ። ነገር ግን ብዙ ባለ ቤቶች ሊያከራዩዋቸው አልወደዱም፤ ፖሊሶችም በመንገድና በመጠጥ ቤት እየያዙ ያስሯቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ወይዘሮ ሺርሊ ስሚዝ የሚባሉ ሴት ነበሩ። በሚጥል በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት ደኅና አድርገው አልተማሩም። ወንድማቸው በታሰረ ጊዜ ሊጠይቁት ሄደው ጠያቂ የሌላቸውን እስረኞች ስላዩ፤ እነዚያንም ይጠይቁ ጀመር። የወህኒ ቤቱ ሹማምንት ለእስረኛው ምኑ እንደ ኾኑ ሲመረምሯቸው እናቱ ነኝ እያሉ ይመልሱ ነበርና፤ እማማ ሺርል የሚል ስም ወጣላቸው። በ1998 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከ60 የሚበልጡ ልጆች አሳደጉ።

ይሁን እንጂ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለው፤ የአንድ ሰው ቸርነት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ እማማ ሺርልና ወጣቶቹ ተባብረው በ1970 ዓ.ም. ለተከሰሱት በነጻ የሚሟገት የነገረ ፈጆች ቢሮ አቆሙ። በ1971 ዓ.ም. የሐኪም ቤት ተከፈተ፤ ለልጆችም የቁርስ ማዕድ ተዘረጋ። በ1973 ዓ.ም. የቤት ማኅበር ተመሠረተና፤ በመንግሥት ገንዘብ ቤቶችን እየገዛ ለነባሮቹ ማከራየት ጀመረ። እነዚህ ኹሉ የሚተዳደሩት በነባሮቹ በራሳቸው እጅ ነበር፤ ስለዚህም በሌላ ደጅ ንቀትን ፈርቶ የሚቀር በዚህ ያለ ፍርሃት ገባ። ደግሞም ነባሮቹ ሲገናኙ አስቀድመው የሚጠያየቁት፤ ወገንህ ማን ነው፤ አገርህስ ወዴት ነው ብለው ነው። እንግዲህ በሐኪሙ ደጅ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከመድኃኒቱ ጋራ ዘመዱን ሊያገኝ ይችል ነበር።

ከጊዜ በኋላ ግን ቤቶቹ አረጁ፤ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድም በሰፈሩ ገባ፤ ተከራዮቹም ተነሥተው ቤቶቹ ፈረሱ። የምድሩ ዋጋ በናረ ጊዜ፤ ባዶው ቦታ አስቀድሞ ለንግድ እንዳይውል ተፈራ። በ2014 ዓ.ም.፤ ባልቴቶችና ሽማግሌዎች በቦታው ላይ ድንኳን ተክለው፤ የሕዝባችን መኖሪያ ይቅደም ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጡ። በ1973ቱ ማኅበርና በእነርሱ መካከል ብዙ ክርክር ከኾነ በኋላ፤ በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ገንዘብ ሊሰጥ ተስማማ፤ ለ62 ቤተ ሰብ የሚኾን መኖሪያም ተሠራ። ብዙዎቹ የቀድሞ ነዋሪዎች ግን አስቀድመው ወደ ከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ሄደው ነበር።

ከዚህ ነገር የምናስተውለው፤ ቤትን መንግሥት ወይም ባለጠጋ ሊሠራ እንዲችል፤ ጉርብትናን ግን ራሳቸው ነዋሪዎቹ ካልሆኑ በቀር ማንም ሊሠራው እንዳይችል ነው። አንድ ሰፈር በፈረሰ ጊዜ የሚጠፋው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ልጁን አይቶ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀውም ሰው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከተማን የሚያቀኑ ሰዎች መንገዱንና ፎቁን ሲለኩ ይህንንም አብረው ሊያስቡት ይገባል።