ማግኔት የደከመ ማስታወስን ያበረታ ይሆን?

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ባይፖላር በሚባለው የአእምሮ ሕመም ተይዞ ነበር፤ ይኸውም አንድ ጊዜ እንቅልፍ እስኪያሳጣ ድረስ ከልክ ያለፈ ደስታና ጥድፊያ የሚያመጣ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአልጋ በማያስነሣ ትካዜ ላይ የሚጥል ሕመም ነው። አሁን ሰውየው ተሽሎታል፤ ቤተ ዘመዱም «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎታል። ነገር ግን ወደ ሥራው ተመልሶ መዝገቡን ሲገልጥ፣ የደመረውን ቍጥር ገጹን ሳይገለብጥ ይረሳዋል። አለቃው ስንፍና ይመስለዋል፤ እሱም ራሱን ይታዘበዋል።

ነገሩ ግን ስንፍና አይደለም። ስሜታቸው ከተረጋጋ በኋላ እንኳ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ልብ የማለት፣ የማስታወስና ሥራን የማቀድ ችሎታ ደክሞ እንደሚቆይ ሐኪሞች ያውቃሉ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ጥቅሙን የገለጠው ሊትየም የስሜትን መዋዠቅ ለመግታት የሚሰጥ ነው እንጂ የማስታወስ መድኃኒት አይደለም።

ስለዚህ የአንዳንድ ሊቃውንት ዓይን ወደ ማግኔት ዞሯል። በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ወደ ሰው ራስ አስጠግተው ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ቢለቁበት፣ የሰውየው እጅ ሳያዘው ተንቀሳቀሰ። ምስጢሩ ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው፤ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል አጥንትን አልፎ በአንጎል ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወልዳል። ቢላዋ የለም፤ ማደንዘዣም የለም። ሕመምተኛው ነቅቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መሣሪያው ግን እንደ መዶሻ ስለሚንኳኳ ጆሮው ይደፈናል። ሌላው ዘዴ ይበልጥ ቀላል ነው፤ በጨው ውሃ የራሰ ስፖንጅ በራስ ላይ ታስሮ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ 20 ደቂቃ ያህል ይለቀቃል።

የአሜሪካ መንግሥት የማግኔቱን መሣሪያ በ2008 ለትካዜ ሕክምና ፈቅዷል። የባይፖላር ሕመምተኞችን ማስታወስ ስለማበርታቱ ግን ገና ክርክር አለ። በ2018 የታተመ የብራዚል ጥናት በትካዜ ላይ የነበሩ ሕመምተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በእውነተኛው ማግኔት፣ ሌላውን በማስመሰያ ብቻ አከመ። በማስታወስና በማሰብ ፈተና ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ! ማስመሰያው ባይኖር ኖሮ ምስጋናው ሁሉ ለማግኔቱ በሆነ ነበር፤ አንድን ፈተና ደጋግሞ መፈተን ብቻውን ውጤትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ማንም ተማሪ ያውቀዋል። በ2019 የታተመ የቻይና ጥናት በበኩሉ መሻሻል አየሁ ይላል። የሁሉም ጥናቶች ሕመምተኞች ቍጥር ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ የሒሳብ ሠራተኛው መሣሪያ ገዝቶ በቤቱ በራሱ ላይ ቢያስር አንመክረውም፤ ኤሌክትሪኩ ያንን ጥድፊያ ቀስቅሶባቸው የተገኙ ሕመምተኞች አሉ። መድኃኒቱንም በገዛ እጁ አያቋርጥ። ይልቅስ ወደ ሐኪሙ ሄዶ እንቅልፉን፣ የመድኃኒቱን መጠንና የእንቅርት ዕጢውን ያስመርምር፤ ሊትየም ይህን ዕጢ ሊያዳክም ይችላልና፤ የዕጢው መድከም ደግሞ ማስታወስን ያደበዝዛል።