ኪንታሮትን መከላከል ከማዕድ ይጀምራል

ስለ ኪንታሮት በግልጽ መናገር ለብዙዎች ያሳፍራል። አርሶ አደሩ ሕመሙን ከቤተሰቡ ሸሽጎ ያርሳል፤ የከተማው ሠራተኛም ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ ይውላል። በሐፍረት የተደበቀ ሕመም ግን ሁለት ጉዳት አለው። በቀላል ልማድ ሊታገሥ ይችል የነበረው ይባባሳል፤ ኪንታሮት የመሰለ ሌላ ከባድ በሽታም ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል።

በአማርኛ "ኪንታሮት" የሚለው ስም በቆዳ ላይ ለሚወጣ እባጭም ያገለግላል። እዚህ የምንመለከተው የፊንጢጣ ኪንታሮትን ነው። በፊንጢጣና በትልቁ አንጀት መጨረሻ ዙሪያ፣ ደም ሥሮችን የያዙ ለስላሳ ክፍሎች በማንኛውም ጤነኛ ሰው ዘንድ ይገኛሉ፤ ዓይነ ምድርን ለመቆጣጠርም ያግዛሉ። ጫና ሲደጋገምባቸው ያብጣሉ፤ ወደ ታችም ይወርዳሉ። ኪንታሮት የሚባለው ይህ ነው። ውስጣዊው ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይኖረው ደማቅ ቀይ ደም ያሳያል። ውጫዊው ያሳክካል፤ ደም ሲረጋበት ደግሞ ብርቱ ሕመም ያስከትላል።

በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ኪንታሮት ያመጣል ሲባል ይሰማል። ዋናው መንሥኤ ግን ጫና ነው። የሆድ ድርቀትና ማማጥ፣ የቆየ ተቅማጥ፣ እርግዝና፣ ከባድ ሸክም፣ የዕድሜ መግፋትና መጸዳጃ ቤት ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት ጫናውን ይጨምራሉ። ጫት መቃምም ድርቀትን ስለሚያስከትል ችግሩን ያባብሳል።

ከሁሉ የሚቀድመው መከላከያ ምግብ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም የሚደርስ አሰር ወይም ፋይበር እንዲያገኝ ይመከራል። አሰር ውኃ ይዞ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ ማማጥንም ያስቀራል። ለዚህ የሚሆነው ምግብ ከእርሻችን ይገኛል፤ ከነገለባው የተፈጨ ጤፍና ስንዴ፣ የገብስ ቂንጬና በሶ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ፓፓያ። በአንጻሩ በከተማ የሚዘወተሩት የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ ፓስታና ነጭ ሩዝ አሰራቸው በፋብሪካ የተቀነሰ ነው። ለውጡ ግን ቀስ በቀስ ይሁን፤ አሰርን በአንድ ጊዜ ማብዛት ሆድን ይነፋል።

አሰር ያለ ውኃ ድርቀትን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ፣ በሙቀትና በሥራ ወቅት ደግሞ ከዚያ በላይ መጠጣት ይገባል። ወደ ማሳ የሚወርድ ሰው የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ይዞ ይሂድ፤ አረቄና ጠላ የውኃን ቦታ አይተኩም። የጾም ምግቦቻችን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለአንጀት ወዳጅ ናቸው። ሆኖም በጾምም ሆነ በረመዳን ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ሰዎች ከጾም መፍቻ እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ደጋግመው መጠጣት አለባቸው።

የመጸዳጃ ልማድም ወሳኝ ነው። ዓይነ ምድር ሲመጣ እስከ ማታ ወይም ከገበያ እስኪመለሱ መያዝ ያደርቀዋል። መጸዳጃ ቤት ገብቶ በስልክ መጫወት፣ ሳይመጣ በግድ ማማጥም ደም ሥሮችን ይወጥራል። ጥቂት ደቂቃ ሞክሮ መነሣት፣ ሲመጣ ተመልሶ መግባት ይሻላል። በመቀመጫ ሽንት ቤት የሚጠቀሙ ሰዎች እግራቸውን ትንሽ ዱካ ላይ ቢያሳርፉ ይቀላቸዋል።

ኩንታል የሚያነሡ ሰዎች ሸክሙን ቢከፋፍሉት ወይም ለሁለት ቢይዙት፣ ሲያነሡም ትንፋሻቸውን ባይዙ መልካም ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ ሾፌሮች፣ ልብስ ሰፊዎችና የቢሮ ሠራተኞች በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጣቸው የደም ማነስ መከላከያ ክኒን ሆድ ካደረቀባቸው በራሳቸው አያቋርጡት፤ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ሕመሙ ለጀመረው ሰው ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ በሳፋ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መቀመጥ እፎይታ ይሰጣል። ውኃው እጅን የማያቃጥል መሆን አለበት። ከመጸዳጃ በኋላ በውኃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ፣ ሻካራ ወረቀትንና ጠንካራ ሳሙናን መተው ይገባል። በርበሬ ኪንታሮትን ባያመጣም የሚያቃጥላቸው ሰዎች ቢቀንሱት ይጠቀማሉ። ኪንታሮትን "ነቅሎ ይጥላል" ተብሎ የሚቀባ የሚያቃጥል መድኃኒት ግን ቁስል፣ ኢንፌክሽንና የፊንጢጣ መጥበብ ሊያስከትል ስለሚችል መራቅ ግድ ነው። በሐኪም ቤት ከቅባት ጀምሮ እባጩን በላስቲክ እስከ ማሰርና ቀዶ ሕክምና ድረስ የተሻለ አማራጭ አለ።

የሚደማ ሁሉ ኪንታሮት ነው ማለት አይቻልም፤ የአንጀት ካንሰርም ደም ያሳያል። ስለዚህ ደም ያየ ሰው በግምት ሳይወስን ይመርመር። በተለይ ደሙ የጠቆረ ወይም ብዙ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ፣ ድካምና ማዞር ካለ፣ ወይም በቤት ውስጥ እንክብካቤ በ1 ሳምንት ካልተሻለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ለነገ የሚባል አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ለጤና ባለሙያ በግልጽ መናገር የሕክምናው መጀመሪያ ነው።