ዴኔሪስ አልረሳችም

የ“ጌም ኦፍ ትሮንስ”ዋ ንግሥት ዴኔሪስ የጠላቷን የዩሮን ግሬይጆይን መርከቦች አልረሳችም። የረሱት ሌሎች ናቸው፤ ጥፋቱ ግን እሷ ላይ ተላከከ። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው ሥራዬ ስለሆነ ነው። በአማርኛ ተከታታይ ድራማ የጽሑፍ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ታሪኩ ከክፍል ክፍል መያያዙን የምከታተለው እኔ ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚወራው ብዙ ጊዜ ከበሩ አያልፍም። ለዱራሜ ልጆች ግን ሹክ ልበላችሁ፤ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነውና።

ነገሩን እናስታውሰው። ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የተላለፈው የ“ጌም ኦፍ ትሮንስ” ስምንተኛ ምዕራፍ አራተኛ ክፍል ነው። ዴኔሪስ በዘንዶዋ በድሮጎን ጀርባ ላይ ሆና ከባሕሩ በላይ ትበራለች፤ ሌላው ዘንዶዋ ሬጋል አብሯት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድንገት ከአንድ ገደል ጀርባ ከተደበቁ መርከቦች የተወረወረ ግዙፍ ቀስት ሬጋልን ይመታዋል። ሁለተኛው ይደገማል፤ ሦስተኛው አንገቱን ይበሳውና ዘንዶው ባሕር ውስጥ ይሰምጣል። በጠራ ሰማይ የምትበር ንግሥት ከታች ያለውን የመርከብ ጦር አላየችም ተባልን። በዚያው ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ የጦር ካርታው በተዘረጋበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ የግሬይጆይ መርከቦች ቅጥረኛውን ጦር ወደ ጠላቷ ሰርሲ ከተማ ወደ ኪንግስ ላንዲንግ ማድረሳቸው እሷ ባለችበት ተነግሮ ነበር። ክፍሉ ካለቀ በኋላ በሚቀርበው የማብራሪያ ቪዲዮ ላይ ግን ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ቤኒኦፍ ዴኔሪስ መርከቦቹን ረስታቸው እንደነበር ገለጸ።

በዚያን ሰሞን ዱራሜ ላይ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ፍላሽ ይዞ በሚጠብቅ ወጣት ተሞልተው ነበር። ክፍሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ሰፈር አዳረሰ። ሁሉም ቤት የነበረው ፍርድ አንድ ነው፦ “ንግሥት ሆና እንዴት ትረሳለች? ድሮም እብሪተኛ ናት!” ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ገጸ ባህርይ በራሷ አትረሳም። እንድትረሳ ተጽፎላት ነው የምትረሳው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምስጢር ይህ ነው። በጽሑፍ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ መድረሻው ከመንገዱ በፊት ይወሰናል። “በዚህ ክፍል እገሌ ይሞታል” ተብሎ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። እንዴት እንደሚሞት፣ ለምን እንደሚሞት በኋላ ይፈለጋል። ጊዜ ካለ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ይገኛል። ጊዜ ከሌለ የሚቀረው ቀላሉ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ብልሁን ሰው ለአንድ ቀን ሞኝ ማድረግ። ከመጨረሻው ጦርነት በፊት ንግሥቲቱ ሁለት ዘንዶ ይዛ ከገባች ጠላቷ ተስፋ የለውም። ስለዚህ አንዱ መሞት ነበረበት፤ እንዲሞት ደግሞ የእሷ ዓይን መታወር ነበረበት። በሚቀጥለው ክፍል የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሦስት ጊዜ ያልሳተው ያው ቀስት ድሮጎንን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም፤ አንድ ዘንዶ ብቻውን መርከቦቹንም በከተማው ግንብ ላይ የተደረደሩትን ቀስቶችም አመድ አደረጋቸው። መሣሪያው አልተለወጠም። የተለወጠው የጸሐፊዎቹ ፍላጎት ነው።

ይኸው በሽታ ከዚያ በፊትም ታይቷል። ነሐሴ 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በተላለፈው የሰባተኛው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ጆን ስኖውና ጓደኞቹ ከሰሜኑ ታላቅ ግንብ ባሻገር በበረዶ ሐይቅ መካከል በሙታን ጦር ተከበቡ። ከመካከላቸው ጌንድሪ ወደ ግንቡ ሮጦ ተመለሰ፣ ከዚያ መልእክት የያዘ ቁራ ተላከ፣ ቁራው እስከ ድራገንስቶን በረረ፣ ዴኔሪስ ሦስቱን ዘንዶዎች ይዛ ደረሰች። ሰዎቹ ያደሩት ግን አንድ ሌሊት ያህል ነው የሚመስለው። አዘጋጁ አለን ቴይለር ራሱ በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ የጊዜው ነገር ትንሽ የደበዘዘ እንደነበር አልካደም።

የዱራሜ ሰው ይህን በዝምታ አላለፈውም። ቁመቱ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የሐምበሪቾ ተራራ ከከተማው ራስ ላይ ቆሟል፤ 777ቱን ደረጃዎች የወጣ ሰው እግር ምን ያህል እንደሚደክም፣ ትንፋሽ የት ላይ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ወንድሙን ወይም ልጁን በደቡብ አፍሪካ መንገድ የሸኘ ቤተሰብ በከምባታም በሐድያም ሞልቷል። “ሞያሌ ደርሻለሁ” የሚለው ስልክ እስኪደወል፣ ከዚያም ቀጣዩ ስልክ እስኪመጣ የሚቆጠረውን ቀን ያውቀዋል። መንገድ ሰውን ምን እንደሚያስከፍል እዚህ አገር አስረጂ አያስፈልግም። ስለዚህ ዲኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ ተቀምጠው “አይደርስም! በምን ተአምር ይደርሳል?” ያሉት ልጆች የድራማ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የታሪኩን ስብራት በትክክል ለይተውታል። ዘንዶ መብረሩን ተቀብለው ሰውየው በዚያ ፍጥነት መድረሱን አለመቀበላቸው ልክ ነው። ምናባዊ ታሪክ ተአምሩን አስቀድሞ ይነግረናል፤ ያልነገረንን ተአምር በመሐል ሊሸጥልን መብት የለውም።

በዚያ ክፍል ግን ማን ተወቀሰ? ጆን፤ “ምን ሊሠራ ሄደ?” ተባለ። የዴኔሪስ አማካሪ ቲሪየን፤ ያን ያህል ብልህ ሰው ሙት ይዞ ለሰርሲ ማሳየት የሚል ዕቅድ አወጣ ተብሎ ተዘለፈ። ከጀርባ ሆናችሁ እዩት። በምዕራፉ መጨረሻ ታላቁ ግንብ ይፈርሳል። የሚያፈርሰው በዚያ ሐይቅ ላይ ሞቶ ለሙታኑ ጦር የተነሣው ዘንዶዋ ቪሴሪዮን ነው። ግንቡ እንዲፈርስ ሙታኑ ዘንዶ ያስፈልጋቸዋል፤ ዘንዶ እንዲያገኙ ዴኔሪስ ወደ ሰሜን መምጣት አለባት፤ እንድትመጣ ደግሞ ብልሆቹ ሁሉ በአንድነት የሞኝ ዕቅድ ማውጣት አለባቸው። ታሪኩ ከጭራው ወደ ራሱ ተጽፎ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ምስጢር ከኤዲቲንግ ክፍል ነው። አንድ ክፍል ከተመደበለት ደቂቃ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው “ምንም አይፈጠርበትም” የሚባለው ትዕይንት ነው። አንዲት ሴት መስኮት ዳር ቆማ የምታመነታበት፣ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ የሚነጋገሩበት፣ አንድ ሰው ደብዳቤ አንብቦ ሐሳቡን የሚለውጥበት ትዕይንት ነው። ጩኸቱና ጦርነቱ አይነካም፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። ያ ዝምተኛ ትዕይንት ግን ምክንያቱን ተሸክሞ የነበረው እሱ ነው። እሱ ሲወጣ ድርጊቱ ያለ ምክንያት ይቀራል፤ ተመልካቹም ባዶውን ቦታ በገጸ ባህርይዋ ስም ይሞላዋል፦ እብድ ናት፣ ጨካኝ ናት፣ ውለታ ቢስ ናት።

“ጌም ኦፍ ትሮንስ” ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ በየምዕራፉ 10 ክፍል ነበረው። ሰባተኛው ወደ 7፣ ስምንተኛው ወደ 6 ወረደ። ድራማው ከተመሠረተባቸው የጆርጅ ማርቲን መጻሕፍት አምስተኛው የወጣው ድራማው በጀመረበት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ስድስተኛው ሳይወጣ ድራማው መጽሐፉን ቀደመው። አስተላላፊው ኤችቢኦ ለተጨማሪ ክፍሎች ፈቃደኛ ነበር፤ ማሳጠሩን የመረጡት ጸሐፊዎቹ ቤኒኦፍና ዋይስ ናቸው። ግንቦት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. በተላለፈው አምስተኛ ክፍል ዴኔሪስ የእጅ መስጫው ደወል ከተደወለ በኋላ ከተማውን ስታቃጥል ያየነው የዚህን ዋጋ ነው። ያ ውሳኔ በራሱ የማይሆን አልነበረም። ሐዘኗ፣ ብቸኝነቷ፣ የአባቷ ጥላ ዘሩ ቀድሞ ተዘርቶ ነበር። ያጣው የሚበቅልበትን ጊዜ ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ምዕራፉ እንደገና ይሠራ ብሎ የፈረመው በዴኔሪስ ጨክኖ አይመስለኝም። ለስምንት ዓመት የወደዳት ሴት ተገቢው ጊዜ ሳይሰጣት ስለተፈረደባት ነው።

ተዋንያኑስ? እነሱ ከተመልካቹ በፊት ያውቃሉ። ዴኔሪስን የተጫወተችው ኤሚሊያ ክላርክ የመጨረሻውን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ አልቅሳ ከቤት እንደወጣችና ለሰዓታት ብቻዋን ስትዞር እንደቆየች ለአሜሪካ መጽሔት ተናግራለች። እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ተዋናይዋ ቀረጻ ላይ ቀስ ብላ ትመጣና “ይህን ለምንድን ነው የማደርገው?” ትላለች። መልስ ካጣች ያንን ጎዶሎ በራሷ ኃይል ልትሞላው ትሞክራለች። በደንብ ስትጫወተው ተመልካቹ ይበልጥ ያምናታል፤ ይበልጥም ይጠላታል። ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው፤ ጎበዟ ተዋናይ የጽሑፉን ጥፋት ተሸክማ ትወጣለች።

እኔ የሠራሁበት አንድ ድራማ ላይ እናት ሆና የምትጫወት ሴት በክፍያ አለመስማማት መሐል ላይ ወጣች። የልጇ ሠርግ ግን ተቀርጾ አልቆ ነበር። “እናትየው ለንግድ ድሬዳዋ ሄዳለች” የሚል አንድ መስመር በአጎትየው አፍ ተጨመረና ታለፈ። ሳምንት ሳይሞላ ሴትየዋን ታክሲ ውስጥ “አንቺ ነሽ የልጅሽን ሠርግ የናቅሽው?” ያሏት ሰዎች ነበሩ። እሷ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አልታየችም።

ይህን ከአስናቀ ጋር አስተያዩት። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረው “ሰው ለሰው” አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አገር በሙሉ ጠልቶታል። ያ ጥላቻ ግን በሐቅ የተገኘ ነው። አስናቀ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ክፋቱ ከፍላጎቱ ይመነጫል፤ ትናንት ያቀደውን ዛሬ ይፈጽመዋል። እንዲህ ያለውን ገጸ ባህርይ ውቀሱት፤ ጸሐፊውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱን ለመለየት እኛ የጽሑፍ ክፍል ሰዎች የምንጠቀምባቸውን ጥያቄዎች ልስጣችሁ። ይህ ሰው ባለፈው ክፍል የሚያውቀውን ዛሬም ያውቃል? ባለፈው ክፍል የሚችለውን ዛሬም ይችላል? ስህተቱ ከራሱ ጠባይ የመጣ ነው ወይስ ለቀጣዩ ትዕይንት የሚመች ስለሆነ ብቻ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ “ስለሚመች” ከሆነ ጣታችሁን ከገጸ ባህርይው ላይ አንሱና ወደ ጽሑፉ ጠቁሙ። በ“ጌም ኦፍ ትሮንስ” ስምንተኛ ምዕራፍ በግብዣ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የታየው የቡና ስኒ ዓለምን አነጋግሮ ነበር፤ ኤችቢኦ በሁለት ቀን ውስጥ ከምስሉ አጠፋው። ስኒ ይጠፋል። የተዘለለ ምክንያት ግን ከተላለፈ በኋላ በምንም ኮምፒዩተር አይሞላም።

ዱራሜ ላይ ታሪክ መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጽሑፋችሁን የምታሳዩኝ አላችሁ። ብልህ ሰው ፈጥራችሁ ሲቸግራችሁ አታሞኙት። መንገዱ ከረዘመባችሁ መድረሻውን ለውጡ፤ ዘንዶው በሚቀጥለው ክፍል ይሙት። ገጸ ባህርይ ቃለ ምልልስ ሰጥቶ ራሱን አይከላከልም። ጠበቃው እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ከረሳችሁት ሌላ የሚያስታውስለት የለም።