እግር ከተሰጠ በኋላ

በየዓመቱ ኅዳር 24 የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ተመሳሳይ ታሪክ እንሰማለን። እግሩን በፈንጂ ወይም በመኪና አደጋ ያጣ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ሠርቶ ራሱን ቻለ፣ ልጆቹን አሳደገ፣ ስፖርትም ጀመረ ይባላል። ጋዜጠኛው ምስጢሩን ሲጠይቅ መልሱ ጽናት፣ እምነትና የቤተሰብ ፍቅር ይሆናል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ሰውየውም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሰሚው ውስጥ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይቀራል። ከቤት ሳይወጡ የቀሩት እነዚያ ሁሉ ጽናት ስላነሳቸው ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ አይደለም የሚል ነው። እግሩን ያጣ ሰው ከሥራውና ከሰው ጋር ተቀላቅሎ መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚወስኑ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የተዘነጋው ግን ጥገና ነው። ሰው ሠራሽ እግርን አንዴ ተሰጥቶ እንደሚያበቃ ስጦታ እንቆጥረዋለን። እሱ ግን እንደ ጫማና እንደ ማረሻ የሚያልቅ ዕቃ ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንየው። ከተቆረጠው እግር የሚተርፈው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት እብጠቱ ስለሚጎድልና ጡንቻው ሥራ ስለሚፈታ ይከሳል። ከዚያ በኋላም ሰውየው ሲወፍርና ሲከሳ መጠኑ ይለዋወጣል። ቀሪው እግር የሚገባበት ሶኬት ግን አይለዋወጥም። በጀሶ ልክ ተወስዶ፣ በዚያ ቅርጽ ላይ የጋለ ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተሠራ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ የያዘውን መጠን ይዞ ይቀራል። ክፍተቱን ለመሙላት መጀመሪያ አንድ ካልሲ ይደረባል፤ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት። ካልሲ የማይሞላው ቀን ሲመጣ እግሩ ወደ ሶኬቱ ሥር ይሰምጥና ክብደት መሸከም የሌለበት ጫፍ ይሸከማል። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ በመጨረሻ ይቆስላል። እግሩን በስኳር ሕመም ያጣ ሰው ደግሞ ቁስሉ እስኪብስ ላይሰማው ይችላል። ቁስሉ እስኪሽር ሰው ሠራሹ እግር ይወልቅና አልጋ ሥር ይገባል። አንድ ሳምንት ተብሎ የገባው አንድ ወር ይቆያል፤ ወሩም ዓመት ይሆናል። ከውጭ ለሚያየው ሰውየው ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠ ይመስላል።

ሶኬቱ በልክ ቢገጥም እንኳ ዕድሜ አለው። የአዋቂ ሰው ሠራሽ እግር በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በየስድስት ወሩ አዲስ ያስፈልገዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በ20 ዓመቱ እግሩን ያጣ ወጣት እስከ 65 ዓመቱ ለመራመድ ከ9 እስከ 15 እግር ይፈልጋል። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ስብራት ወደ ጋንግሪን ተለውጦ በ8 ዓመቱ እግሩ የተቆረጠ ልጅ ቁመቱ እስኪቆም ብቻ ከዚህ የማያንስ ቁጥር ሊደርስ ይችላል። በርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን የመጀመሪያውን እግር ብቻ ይቆጥራል። “ይህን ያህል ሰው ተጠቃሚ ሆነ” የሚለው ዓረፍተ ነገር በተነገረበት ቀን ልክ ነው፤ ከ4 ዓመት በኋላ ልክ መሆኑን የሚጠይቅ ሪፖርት ግን እምብዛም አይታይም።

ለገጠር ሰው ጥገና ማለት በመጀመሪያ ርቀት ነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸው ማዕከላት ያሉት በጥቂት ከተሞች ነው። እግሩ በነፃ ቢሰጥም መንገዱ በነፃ አይደለም፤ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ሥራ ፈቶ አብሮ የሚሄድ ወንድም ወይም ልጅ ያስፈልጋል። የላላ ብሎን ወይም የተበጠሰ ማሰሪያ በማዕከሉ ባለሙያ እጅ በአንድ ጠዋት ሊስተካከል ይችላል፤ ማዕከሉ ሁለት ቀን ርቆ ከሆነ ግን አንድ የእርሻ ወቅት ይበላል። እርፍ ጨብጦ ጭቃ ላይ የሚሄድ ገበሬ በአንድ እግሩ ትልሙን እየረገጠ በሌላው ክብደቱን መሸከም አለበት። ሐምሌ ላይ ማሰሪያው የተበጠሰበት ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጎተራው ውስጥ የሚገባው የምርቱ ግማሽ ብቻ ነው። ምጣድ ፊት መቆም ያቃታት ሴት ደግሞ እንጀራ ሸጣ የምታገኘውን ገቢ ታጣለች። የሕይወት ዓላማ ስለሚባለው ነገር ስናወራ በአብዛኛው የምናወራው ስለ መንፈስ ነው። በገበሬ ቤት ግን ዓላማ ማለት እርፉን ራሱ መያዙ፣ እህሉንም ራሱ ማስገባቱ ነው።

ሥራ ብቻም አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሰው የሚባለው ለቅሶ ሲደርስ፣ ዕድር ላይ ሲገኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ወይም ጁምዓ ሲሰግድ ነው። በሁለቱም ደጃፍ ጫማ ይወልቃል። የሰው ሠራሽ እግር አቋም ግን የሚስተካከለው የጫማውን የተረከዝ ከፍታ ታሳቢ አድርጎ ነው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይልና አካል ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ጉልበትም ወደ ኋላ ይገፋል። ሦስት ሰዓት ቆሞ ለሚያስቀድስ ሰው ይህ ቀላል ችግር አይደለም፤ በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥና በመጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለትም እንዲሁ። ችግሩ መፍትሔ የሌለው ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የህንዱ ባለእጅ ራም ቻንድራ ሻርማና የአጥንት ሐኪሙ ሴቲ “የጃይፑር እግር” የተባለውን ሰው ሠራሽ እግር የሠሩት ባዶ እግሩን ለሚሄድና ቁጢጥ ለሚል ሰው አስበው ነው። በሌላውም ዓይነት እግር ከተረከዝ ሥር የሚገባ ትንሽ ሽብልቅ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ሰውየው “ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልወድቅ ነበር” ብሎ ለባለሙያው የሚናገርበት ሁለተኛ ቀጠሮ ከሌለ ሽብልቁን ማን ይሠራለታል? ሳይነገር የቀረው ችግር ሰውየውን እሑድ ጠዋት ቤቱ ያስቀረዋል።

የስፖርታችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በለንደን 2012 ፓራሊምፒክ ወንድዬ ፍቅሬ በእጅ ጉዳተኞች የ1500 ሜትር ውድድር ብር አመጣ፤ ታምሩ ደምሴ በሪዮ፣ ትዕግስት ገዛኸኝ ደግሞ በቶኪዮና በፓሪስ በዓይን ጉዳተኞች ምድብ ተከተሉ። የሯጮች አገር ሆነን ሳለ በሰው ሠራሽ እግር በሚሮጥበት ምድብ ሜዳሊያ የለንም። እግራቸውን ያጡ ኢትዮጵያውያን ጽናት ያነሳቸዋል የሚል ያለ አይመስለኝም። ዓይን የማያይ ሯጭ ልቡ፣ ሳንባው፣ ልምምዱና አጋሩ ይበቁታል፤ እግር ያጣ ሯጭ ግን ከእነዚህ በላይ የካርቦን ፋይበር እግርና እሱን በየጊዜው የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈልጋል። የጽናት ተምሳሌት አድርገን የምናነሳው አበበ ቢቂላም ከዚህ የራቀ አይደለም። አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ የተጎዳው አከርካሪው ስለነበር ጉዳዩ የእግር መቆረጥ አልነበረም። በኋላ ቀስት መወርወር የጀመረው ግን በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም ነው፤ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል ያደረገበት ቦታ ነው። የአበበን ልብ እናወሳለን፤ ያ ልብ የተደገፈበትን ተቋም ግን እንረሳለን።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ችግሩ አእምሮ ላይ ነው የሚል ነው። በሚገባ የተሠራ እግር ኖሯቸው የማያደርጉት አሉ፤ ኀዘኑ፣ የሰው ዓይን፣ በሌለው እግር ጣቶች ላይ ሌሊት የሚነሳው ሕመም ያሸንፋቸዋል። ይህ እውነት ነው፤ በጥገና ብቻም አይፈታም። ግን ቅደም ተከተሉን ማየት ይገባል። የሚያቆስል እግር የለበሰን ሰው “በርታ” ማለት ችግሩን ወደ ራሱ ጥፋት መለወጥ ነው። ደግሞም ምክርና ማበረታቻ የሚገኘው እዚያው ማዕከሉ ውስጥ፣ ተራ ሲጠብቁ፣ ተመሳሳይ ዕጣ ከደረሰው ሰው ነው። ጣሊያናዊው ፊዚዮቴራፒስት አልቤርቶ ካይሮ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራበት የካቡል የቀይ መስቀል ማዕከል ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አካል ጉዳተኞች ናቸው። አዲስ የመጣው ሕመምተኛ ልኩን የሚወስድለት ሰው ራሱ በሰው ሠራሽ እግር ቆሞ ያየዋል። ጥገናና ተስፋ እዚያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ እግር ሳያስገጥሙ በክራንች ወይም በዊልቸር በደንብ የሚኖሩ ብዙ ናቸው የሚል ነው። ትክክል ነው፤ በተለይ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ከባድ ድካም ስላለው ክራንች መምረጥ ሽንፈት አይደለም። ግን ክርክሩ ያው ነው። የክራንች ጫፍ ጎማ ሲያልቅ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ የዊልቸር ጎማም ኮረኮንች ላይ ይፈነዳል። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ሰው ሠራሽ አካልና መሰል ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው 10 ሰዎች የሚያገኘው 1 ብቻ ነው። ታዲያ ያንን 1 ከመጠገን ለ9ኙ መስጠት አይቀድምም? በአንድ ዓመት በጀት ብቻ ካየነው ይቀድማል። በዐሥር ዓመት ካየነው ግን የማይጠገን እግር የተሰጠው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ከ9ኙ ጋር ይሰለፋል፤ ሰልፉም አያጥርም። ቀድሞ የወጣው ገንዘብም በአንድ ማሰሪያ ምክንያት ከንቱ ይቀራል።

ሕጉ በበኩሉ ጥሩ መነሻ አለው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሆኖም በየሁለት ወሩ ቁስል የሚያስቀረው ሠራተኛ አሠሪው ደጅ ላይ መብቱን ይዞ ቢቆምም ሥራውን ለማቆየት ይቸገራል። መወጣጫ የተሠራለት ሕንፃም እግሩ ተበላሽቶ ከቤት ለቀረ ሰው አይጠቅምም። መብቱ መሬት እንዲነካ የጥገና ጣቢያ ወደ ዞን ከተማ መውረድ፣ የመመለሻ መጓጓዣም የሕክምናው ወጪ አካል ተደርጎ መታሰብ አለበት። ማዕከላትም “ስንት ሰጣችሁ” ከመባል ይልቅ “ካቻምና ከሰጣችሁት ስንቱ ዛሬ እየተራመደ ነው” መባል አለባቸው።

ይህን ዛሬ ማንሳት የሚያስፈልገው በጣም ቅርብ በሆነ ምክንያት ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት እግራቸውን ያጡ ወጣቶች ዛሬ ሃምሳ ዓመት እየተጠጋቸው ነው፤ ስንተኛ እግራቸው ላይ እንዳሉ መጠየቅ ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሌላ ትውልድ ጨምሯል። በ2015 የተገጠመ እግር ዕድሜው የሚያልቀው በ2018 እና በ2020 መካከል ነው። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሳ አይኖርም፤ ሶኬቱ ዝም ብሎ ማቁሰል ይጀምራል። በቀጣዩ ኅዳር 24 እግሩን ያጣ ብርቱ ሰው በቴሌቪዥን ሲቀርብ ጋዜጠኛው ከጽናቱ ቀጥሎ አንድ ነገር ቢጠይቀው ብዙ እንማር ነበር፤ ይህ እግር ሲሰበር የት ነው የምትሄደው?